የሰሊጥ መጋዘኑ ጀልባ

ሐምሌ 9

ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጠዋት አባራ። ኪዳን አድርሼ ስመለስ ዋልካው አንድ ጫማየን ይዞ አስቀረው። በአንድ እግሬ ቆሜ ስጎትት ደምለው በባጃጅ መጣ። ሊረዳኝ ነው ያስቆመው ብየ ደስ አለኝ። አስቁሞ ሳቀ። «አዛናው፣ ጫማህ እኮ ካንተ ይልቅ ጭቃውን ወዷል» ብሎኝ አለፈ። ጎረቤቴ ነው። ባለቤቴ የዓለምወርቅ ከሞተች ወዲህ ሰሊጤንም እኩል የሚያርስልኝ እሱ ነው። ስለዚህ ቢስቅም እችለዋለሁ።

ማታ ሰርካለም ከጎንደር ደወለች። ያለችኝ ልጅ እሷ ናት፤ ባንክ ቤት ነው የምትሠራ።

«ስኳርህን ስንት አሉህ?»

ጤና ጣቢያ የነገሩኝን ነገርኋት። «እህ» አለች። ይችን «እህ» አውቃታለሁ፣ የእናቷ ናት... ሐኪሙ ያለውንም ጨመርሁላት። ኪኒኑን፣ ምግቡን፣ እንቅስቃሴውን። እንቅስቃሴ ያደርጋሉ ወይ ሲለኝ ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ ብየው ነበር። ምን ያህል ይርቃል አለ። የሚካኤል አጥርና የእኔ አጥር አንድ መሆኑን መናገር አፈርሁ። «ደኅና መንገድ ነው» አልሁት። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

«እንግዲህ አባየ» አለች ሰርካለም፣ «ለእንቁጣጣሽ እመጣለሁ። እስከዚያ ካልወረደ ይዤህ ነው የምመለስ። ቤቱን ዘግተህ እኔ ጋ ትኖራለህ።»

ይዤህ... እንደ ዘንቢል።

«እሺ» አልሁ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን የትኛውን እሺ እንዳልሁ አላወቅሁም። ይወርዳል ነው ያልሁ ወይስ እሄዳለሁ?

ሐምሌ 11

አልሄድም። ቤቴ እዚህ ገንዳ ውሃ ከተማ ነው። ቤተ ክርስቲያኔ እዚህ ነው። የዓለምወርቅም ከሚካኤል ግቢ ግራር ሥር ተኝታለች። ሰርካለም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖር። እሷ ሥራ ስትውል እኔ እዚያ ምን ልሠራ? የሰው ጣሪያ ሳይ ልዋል?

ስለዚህ ስኳሩ መውረድ አለበት። ሌላ መንገድ የለውም።

ሐምሌ 14

ውባንች ሻይ ቤት ተቀምጠን ለደምለው ጭንቀቴን ነገርሁት። ወደ ጎን ወዳለው መጋዘን በአገጩ ጠቆመኝ። የሰሊጥ መጋዘን የነበረው ጂም ሆኗል። የከፈተው ሰፍዋን የሚባል ሱዳናዊ ነው። ገዳሪፍ ላይ ጂም ነበረው፤ ጦርነቱ ሲመጣ ማሽኖቹን በጭነት መኪና ጭኖ በመተማ በኩል ተሻገረ። ሌላው ሰው ፍራሽና ድስት ጭኖ ሲመጣ እሱ ብረት ጭኖ መጣ ብለው ሲስቁበት ሰምቼ ነበር።

«እዚያ ግባ። ለስኳር ይበጃል» አለኝ ደምለው።

«አንተስ?»

«እኔ ስኳር የለብኝ።»

ሆዱን አየሁት። ማየቴን አየ። ሻዩን ወደ ሌላ ዞሮ ጠጣ።

ሐምሌ 16

ሄድሁ።

ወለሉ ጥቁር የጎማ ምንጣፍ ተነጥፎበታል፣ ጽዱ ነው። ጫማየን በሩ ላይ አወለቅሁ። ምን ላድርግ፣ የተነጠፈ ነገር ሳይ እጄ ራሱ ወደ ጫማየ ይሄዳል። አማተብሁና በባዶ እግሬ ገባሁ። ጎረምሶቹ የያዙትን ብረት እያስቀመጡ ያዩኝ ጀመር። ሰፍዋን ከውስጥ እየሮጠ መጣ፤ ረዥም ነው፣ ጥርሱ ያምራል።

«ሀጅ፣ ጫማ የት?»

«በር ላይ ነው።»

«ማነው አውልቅ ያለ? ብረት እግር ላይ ይወድቃል። አድርግ።»

ተመልሼ አደረግሁ። «ደግሞ እኔ ሀጅ አይደለሁም» አልሁትና ማተቤን አሳየሁት።

አጎንብሶ በደንብ አየው። «ተማም» አለ። «እሺ ሀጅ።»

አንተ ነው የሚለኝ። «እርስዎ» የምትባለው ቃል ገና ድንበሩን አልተሻገረችለትም። አልከፋኝም። ይልቅ ወጣት የሆንሁ መሰለኝ።

የሰሊጡ ሽታ ከግድግዳው አልወጣም። እኔ ራሴ ስንቱን ጆንያ ያስገባሁበት ቤት... አሁን ራሴን አስገባሁ።

መሮጫ ማሽኖቹ በመብራት ነው የሚሠሩ፤ መብራት ደግሞ የለም። ስለዚህ ሰፍዋን ወደ ጥጉ ወሰደኝ። መሬት ላይ የተጋደመ ረዥም ብረት፣ ላዩ ላይ የምትንሸራተት ትንሽ ወንበር፣ ፊቱ ላይ ክብ ነገር፣ ከክቡ ነገር የወጣ ሰንሰለት፣ ጫፉ ላይ እጀታ። የእግር ማሰሪያም አለው። የታሰረ ሰው የሚቀመጥበት ይመስላል።

«ይኸ ምንድን ነው?»

«ጀልባ። ትቀዝፋለህ።»

«ውኃውስ?»

«ውኃ የለም። ላብ አለ።»

በዕድሜየ ጀልባ ላይ ወጥቼ አላውቅም። የጓንግን ወንዝ የተሻገርሁ በእግሬ ነው፤ ሲሞላ ደግሞ ቁጭ ብየ እስኪጎድል እጠብቃለሁ። ልቀመጥ ስል ወንበሯ ከሥሬ ሸሸች። እኔ ብረቱ ላይ፣ ወንበሯ ግድግዳው ጋ። ከጎረምሶቹ አንዱ ሳቁን ለመደበቅ ፎጣ አፉ ውስጥ ከተተ። ሰፍዋን አነሣኝ፣ አስቀመጠኝ፣ እግሬን አሰረኝ። ሳብሁ። ክቡ ነገር እንደ ነፋስ ጮኸ። ደግሞ ሳብሁ።

ብዙ አልቆየሁም። የወጣው ላብ ግን ከአንድ ቀን አረም የሚተናነስ አልነበረም። ለመነሣት ሁለት ሰው ያዘኝ።

ሐምሌ 17

ወገቤ። ሌላ የምጽፈው የለም።

ሐምሌ 21

ወገቤ ሲሻለኝ ተመልሼ ሄድሁ። ሰፍዋን ከጎኔ ቁጢጥ ብሎ ሲያየኝ ቆየ።

«አንተ በወገብ ነው የምትስብ» አለ። «እግር ለምን ተኛ? ጀልባ በእግር ነው። መጀመሪያ ግፋ፣ ከዚያ ሳብ።»

ገፋሁ ብየ አሁንም ጎንበስ ብየ ሳብሁ። ደግሞ ነገረኝ። ደግሞ ጎንበስ አልሁ። ሰውነቴ አልሰማም አለ። ዕድሜ ልኩን ጎንብሶ አርሞ፣ ጎንብሶ ሰሊጥ አጭዶ፣ ጎንብሶ ነዶ አስሮ... ዛሬ ቀጥ በል ቢሉት ከየት ያምጣው?

ሰፍዋን መሳቅ ጀመረ። ተናደድሁ። «ምን ያስቅሃል?»

«አባቴ» አለ። «አባቴም እንዲህ ነበር። ገዳሪፍ ሰሊጥ አለው። ጂም ከፈትሁ፣ ና አልሁት፣ ጀልባ ላይ ሰሊጥ አጨደ።»

ንዴቴ በረደ። አባቱ አሁን የት እንዳለ ጠየቅሁት። «እዚያው» አለ። «ሰሊጡን ትቼ አልወጣም አለ።» ከዚያ ጉልበቴን መታ መታ አደረገና «ያላ፣ እግር» አለኝ።

በእግሬ ገፋሁ። አንዴ ብቻ ልክ መጣ። ሲመጣ ይታወቃል... ወንበሯ እንደ ቅቤ ሄደች።

ሐምሌ 25

ውባንች ሻይ ቤት። ሻየን ያለ ስኳር አመጣችልኝ። ቀመስሁት። ሻይ ሳይሆን የሻይ ወሬ ነው።

ደምለው፦ «ዛሬም ቀዘፍህ?»

«ቀዘፍሁ።»

«የት ደረስህ?»

«እዚያው።»

ውባንች ትሪዋን ይዛ ቆመች። «አያ አዛናው፣ እንዲያው ከደረሱ ከሱዳን ሽቶ ይዘውልኝ ይምጡ» አለች። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከሳቅሁ ቆይቶ ነበር መሰለኝ፣ ጉንጬን አመመኝ።

ሐምሌ 28

አንድ ነገር ሆነ። እንዴት እንደምጽፈው እንጃ።

እየቀዘፍሁ ነበር። ስገፋ «አቤቱ» እላለሁ፣ ስመለስ «ማረን» እላለሁ፣ በልቤ። ማሽኑ የራሱን ቁጥር ይቆጥራል፤ እኔ እሱን አላየውም። እንዲያ ስል ስል ቆየሁና ስጨርስ አንድ ነገር ገባኝ፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ የዓለምወርቅን አላሰብኋትም። ሦስት ዓመት ሙሉ ቀኔን ሁሉ ሞልታው ኖራ፣ ዛሬ የለችም። ደስ ብሎኝ ነበር። ላቤ ሲደርቅ ደስታው አሸማቀቀኝ።

ለእሷ ብየ ከዚህ አልሄድም ብያለሁ። እዚሁ ሆኜ ከረሳኋት ታዲያ ምኑን ቀረሁ?

ሐምሌ 29

ለንስሐ አባቴ ለቄስ ትዕዛዙ ነገርኋቸው። ስለ ጸሎቱም ጠየቅኋቸው፣ ማሽን ላይ ቁጭ ብሎ መጸለይ ድፍረት እንዳይሆን።

«እኔ የምጠይቅህ» አሉ፣ «ስለደከመህ ነው የምትጸልይ ወይስ ስለጸለይህ ነው የሚደክምህ?»

አላወቅሁም።

«እንግዲያው ሁለቱንም አትተው።» ከዚያ ደግሞ፣ «የዓለምወርቅ ቀኑን ሙሉ ፊቷ ቁጭ ብለህ ስታያት ትወድ ነበር?»

«ኧረ አትወድም። ምን ያጎልትሃል፣ ተነሥና ሥራ ፍታ ነበር የምትለኝ።»

«እና?» አሉ።

ስሰናበት ጾሙ ከነገ ወዲያ እንደሚገባ አነሡ። በኪኒን ያለህ ሰው ነህ፣ ጠዋት ቀምሰህ ዋጥ፣ ፈቅጄልሃለሁ አሉኝ። እሺ አልሁ። ይኸ እሺ የሚባል ነገር ከአፌ ቶሎ ይወጣል።

ነሐሴ 1

ፍልሰታ ገባ። አልቀመስሁም። ከልጅነቴ ጀምሮ ፍልሰታን እስከ ቅዳሴ መውጫ ስጾም ኖሬ ዛሬ በኪኒን ልሸነፍ? ለሰፍዋንም አልነገርሁት። ጾመኛ ነኝ ብዬ ብነግረው ተቀመጥ ይለኛል። ከተቀመጥሁ ስኳሩ አይወርድም። ካልወረደ ጎንደር።

ነሐሴ 7

ትናንት የሆነውን ዛሬ ነው የምጽፍ።

ጠዋት ኪኒኔን በባዶ ሆዴ ዋጥሁ። ከቅዳሴ በፊት ቀዝፌ ልምጣ ብየ ሄድሁ። ሰፍዋን «ሀጅ፣ ፊትህ ዛሬ ጥሩ አይደለም» አለ። ደኅና ነኝ አልሁት። ስስብ ላቤ ቀዘቀዘ። ከዚያ መጋዘኑ ጨለመ። መብራት ጠፋ አልሁ በልቤ። ቀን መሆኑን ረስቼው።

ዐይኔን ስገልጥ ምንጣፉ ላይ ነኝ። ውባንች ከሻይ ቤቷ ሮጣ መጥታ ራሴን ጭኗ ላይ አድርጋዋለች። ስኳር የበዛበት ሻይ ወደ ከንፈሬ አስጠጋች። ቅዳሴ አልተገባም። አፌን ገጠምሁ።

«አያ አዛናው፣ ይክፈቱ።»

ራሴን ነቅንቄ እንቢ አልሁ።

«ይክፈቱ እንጂ። ኃጢአቱ በእኔ ይሁን።»

«ጾም...» ልል አፌን ስከፍት አፈሰሰችው።

ጣፈጠኝ። ይኸን ካልጻፍሁ ዋሸሁ። በጣም ጣፈጠኝ።

ሰፍዋን ከአጠገቤ ተንበርክኳል፣ ፊቱ አመድ መስሏል። «ሳይም ነህ?» አለኝ፤ በእነሱ አነጋገር ጾመኛ ማለት ነው። ነህ ወይ ሲለኝ ዐይኔን ጨፈንሁ። «ለምን አልነገርከኝም? እኔ ራሴ በረመዳን ፀሐይ ሳትጠልቅ ብረት አልነካም። ሰዓት እቀይርልህ ነበር። አንድ ቃል ብቻ።»

ቢሰማ ይከለክለኛል ብየ የፈራሁት ሰው እንዲህ አለኝ።

ውባንች ስልኬን ከኪሴ አውጥታ ሰርካለም ጋ ደወለች። እባክሽ ተያት ብላት አልሰማችኝም።

ነሐሴ 8

ትናንት ቄስ ትዕዛዙ ቤት ድረስ መጡ። እቆጣለሁ ብለው የመጡ ይመስሉ ነበር፤ ሲያዩኝ ተውት።

«ፈቅጄልህ አልነበር?»

«ነበር።»

«ታዲያ የማንን ጾም ነው የጾምህ?»

ከሄዱ በኋላ ሳስበው ዋልሁ። የማንን? ለእመቤታችን ነው እንዳልል እሷ ቀምሰህ ጹም የተባለን ሰው አትቀየምም። ለራሴ ነው። አልታመምሁም ለማለት ነው። በሽተኛ ካልሆንሁ ማን ይወስደኛል? ጾሙን ከሰርካለም መደበቂያ አድርጌው ነበር።

ዛሬ ጠዋት ቂጣ ቀመስሁና ኪኒኔን ዋጥሁ።  

ነሐሴ 10

ትናንት ማታ ሰርካለም መጣች። መንገድ ተዘግቶ ውላ፣ አቧራና ጭቃ ለብሳ። ደጃፉ ላይ ቆማ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ልብስህን ያዝ። ነገ አውቶቡስ አለ።»

«እስከ እንቁጣጣሽ ብለሽ ነበር።»

«እሱ ሳትወድቅ በፊት ነው።»

ጠዋት ልብሴን ከማዘጋጀቴ በፊት ሰፍዋንን ልትሰድበው ወጣች። እግሯ ፈጣን ነው፤ ልደርስባት አልቻልሁም። እኔ መጋዘኑ በር ላይ ስደርስ መጀመሪያ ያየሁት ጫማዋን ነው። አውልቃ ገብታለች። ምን ላድርግ፣ የእኔ ልጅ ናት።

ውስጥ ስገባ ስድቡ አልቆ ነበር መሰለኝ። ሰፍዋን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ጥፋት የእኔ ነው እኅቴ፣ ጠይቄው ነበር ማሠራት የነበረብኝ» ይላታል። እሷ ጀልባው ላይ ተቀምጣለች። «እስቲ ይኸ ምን የሚሉት ነገር ነው?» ብላ እጀታውን ሳበችው። በእጇ ብቻ። ደግሞ ሳበችው። እልኸኛ ናት፤ ማቆሙ ሽንፈት መሰላትና ፊቷ እስኪቀላ ቀጠለች።

«በእግርሽ ግፊ» አልኋት።

«አባየ፣ ተወኝ።»

«ወገብሽን ታጠፊዋለሽ። መጀመሪያ ግፊ።»

ሰፍዋን ዞር ብሎ ሳቀ። ገፋች፣ ሳበች። ስትነሣ ትንፋሿ ተቆራርጦ ግድግዳውን ያዘች። «ይኸን በየቀኑ ነው የምትሠራው?» አለችኝ። አስተያየቷ የትናንት ማታው አልነበረም።

በመጨረሻ ተስማማን። ጠዋት ቀምሼ ኪኒኔን እውጣለሁ። ከቅዳሴ በኋላ፣ ምግብ ከበላሁ በኋላ፣ ፀሐይዋ ሲበርድ እቀዝፋለሁ። ሰፍዋን ሳልበላ ከመጣሁ በሩን ይዘጋብኛል። እስከ እንቁጣጣሽ።

ከሰዓት በኋላ ተሳፈረች። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ በመስኮቱ አውራ ጣቷን ወደ እግሬ ቀሰረች። ግፋ ማለቷ ነው።

ነሐሴ 16

ጾሙ ተፈታ። ዶሮ ቀመስሁ፣ ትንሽ። ደምለው አንድ ቅልጥም ወርውሮ «ይኸን ብላና ካርቱም ድረስ ቅዘፍ» አለኝ። አልበላሁትም። እሱ በላልኝ።

ነሐሴ 26

አሁን ወንበሯ ታውቀኛለች። መብራት ሲጠፋ ከመሮጫው የሚወርዱት ጎረምሶች ከኋላየ ተራ ይይዛሉ። አንዱ ዛሬ «ጋሸ፣ እንዴት ነው የሚገፋው?» አለኝ። ነገርሁት። ቀጥ ብሎ ያደገ ልጅ ነው፣ ምንም አረም አላረመ፤ ወዲያው ገባው። ትንሽ ቀናሁበት።

ደምለውም ዛሬ ገባ። ላይህ ነው የመጣሁት አለ። እያየ ሳለ ሰፍዋን አስቀመጠው። ወንበሯ ከሥሩ ሸሸች። አልሳቅሁም። ፎጣ አፌ ውስጥ ከተትሁ።

ጳጉሜ 3

ሩፋኤል። ዝናቡ ሲመጣ ከሕፃናቱ ጋር ደጅ ወጥቼ ቆምሁ፣ እስኪበቃኝ ወረደብኝ። ውባንች ከበሯ ሆና «አያ አዛናው፣ አሁንማ ውኃውም መጣልዎ» አለችኝ።

ጳጉሜ 5

ጤና ጣቢያ ሄድሁ። ጣቴን ወጉኝ። ሐኪሙ መሣሪያውን አየ፣ ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ። ወርዷል። ድኗል ማለት አይደለም፣ ኪኒኑም ይቀጥላል፣ ግን እንዲህ ከያዙት ምንም አይሉም አለ።

«ምን ቢያደርጉ ነው?»

«ጀልባ» አልሁት።

መንገድ ላይ እንደ ልጅ መሮጥ አማረኝ። ቀረሁ። እዚህ ነኝ። ቤቴም፣ ሚካኤልም፣ ሁሉም። ግራሩ ሥር ሄጄ ለየዓለምወርቅ ነገርኋት። ለሰርካለም ግን በስልክ አልነገርሁም፤ ስትመጣ ፊቷን ማየት ፈለግሁ።

መስከረም 1

መጣች። ከሻንጣዋ ጋር አንድ ባዶ ሻንጣ አምጥታለች፣ የእኔን ልብስ ልትከትበት። ሳትቀመጥ ነገርኋት።

«ወርዷል?»

«ወርዷል።»

ፊቷን አየሁት። ደስ ያላት መሰለች፣ ስማኝ «እሰየው አባየ» አለች። ግን ደስታው አፏ ላይ ብቻ ነበር። ባዶውን ሻንጣ ቀስ ብላ አልጋ ሥር ገፋችው። ምን አጠፋሁ?

መስከረም 2

ራት በልተን ተቀምጠን ሳለ ጠየቅኋት። «ልጄ፣ ደስ ያላለሽ ነገር ምንድን ነው? ስኳሩ ወረደ እኮ።»

እጇን ስታሻሽ ቆየች።

«ልንገርህ?» አለች። «ሐኪሙ እንቅስቃሴ ያድርጉ ሲልህ እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። አያደርግም ብየ። አባቴን አውቀዋለሁ፣ አጥሩን ዘሎ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፣ አጥሩን ዘሎ ይመለሳል፣ ስኳሩ አይወርድም፣ እወስደዋለሁ ብየ።»

መሶቡን ወደ ጎን አደረግሁት።

«ክፍሉን ቀለም አስቀብቼዋለሁ፣ ሰማያዊ። መጋረጃ ሰቅያለሁ። እንዲያው... ከሥራ ስመለስ በሩን ከፍቼ መብራት የማበራ እኔ ነኝ። ማንም የለም። ራት ብቻየን ስበላ ስልኬን ፊቴ አቁሜ ነው። ናልኝ ማለት ከበደኝ። የእማየን መቃብር ትቶ ለእኔ ብሎ ይመጣል ወይ አልሁ። በሽታው ሲመጣ... ሰበብ ሆነኝ።»

እኔ እኮ የምትወስደኝ ልትጠብቀኝ ነው ብየ ነበር። ሰው እንደ ዕቃ ተነሥ ሲባል የሚያመውን ሕመም ሁሉ ታምሜ ነበር። እሷ ለካ እየለመነችኝ ነው። በቁጣ አስመስላ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተስ ጾመኛ ነኝ ብለህ ተናግረሃል?»

የእኔ ልጅ ናት።

መስከረም 4

ሄደች። ባዶውን ሻንጣ ረስታው ነው ወይስ ትታው... አልጋው ሥር አለ።

መስከረም 12

የሚካኤል ቀን። ከቅዳሴ በኋላ ግራሩ ሥር ቆየሁ። ያሰብሁትን ሁሉ ነገርኋት። እንደ ድሮው መልስ ጠበቅሁ። ነፋስ ነፈሰ፣ ቅጠል ወደቀ። ሞታለች። ይኸን ሳውቅ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ዛሬ ግን ሳልፈራ አወቅሁት። የሚያስፈልጋት ነገር የለም። የሚያስፈልጋት ነገር ያላት ጎንደር ናት።

መስከረም 18

ደመራው አማረ። በመስቀል ማግስት ደምለውን ጠርቼ አጨዳውን ላንተ ትቼ ጎንደር ልሄድ ነው አልሁት።

«ወርዷል አላልህም?»

«ወርዷል።»

«ታዲያ ማን አስገደደህ?»

«ማንም።»

ቆብ አውልቆ ራሱን አከከ። «ይኸ ደግሞ አዲስ በሽታ ነው» አለ። ከዚያ በሩ ላይ ቆሞ፣ «ለኅዳር ሚካኤል ካልመጣህ እኔ ነኝ መጥቼ የምወስድህ» አለኝ። ድምፁ ቀጥ አላለለትም። እመጣለሁ አልሁት። ይኸኛው እሺታ ከልቤ ነው። ወሩን እዚያ ከሆንሁ ወሩን እዚህ እሆናለሁ፤ አውቶቡስ አለ፣ እግርም አለ።

ሰፍዋንን ተሰናበትሁት። ጎንደር ሂድ አለኝ፣ ልጅ ካባት ጋር ጥሩ ነው አለኝ። ወደ ምዕራብ፣ ወደ ገዳሪፍ በኩል፣ ትንሽ ሲያይ ቆየ። አቀፍሁት። ስወጣ «መዓሰላማ፣ አሚ» ሲል ሰማሁት። ደኅና ሁን አጎቴ ማለት ነው።

መስከረም 21

ጎንደር። ብርዱ። ነጠላ ደርቤ ነው የምጽፍ።

አልደወልሁላትም። ከመናኸሪያ ጠይቄ ጠይቄ ደረስሁ፣ ሻንጣየን ይዤ አራተኛ ፎቅ ወጣሁ፣ በሯ ላይ ቁጭ ብየ ጠበቅኋት። ከሥራ እስክትመጣ የደረጃውን ቁልቁለት አያለሁ። ቁልፏን እያንቀጫቀጨች ወጣች፣ ዐይኗ ቁልፉ ላይ ነው። ቀና ስትል አየችኝ። ቁልፉ ከእጇ ወደቀ።

«ምን ሆንህ? አመመህ?»

«ደኅና ነኝ።»

«ታዲያ ምን ሆነህ መጣህ?»

«ራት ልበላ።»

ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። ብዙ አላለቀሰችም። ትንሽ ነው። ቁልፉን እኔ አነሣሁና በሩን ከፍቼ መብራቱን አበራሁ።

ለእኔ ዘይት የሌለው ምስር ለብቻ ሠራች፣ ለራሷ ሌላ። ሁለት ሳህን አቀረበች። የእኔን በእሷ ሳህን ላይ ገለበጥሁት፣ ከአንድ ልንበላ።

«አባየ፣ የእኔው ዘይት አለው እኮ።»

«ነገ ይቀዘፋል» አልኋት። «ብዪ።»